ባለሙያ አያወጣውም

ስልኩ ተበላሽቶ ፎርማት የተደረገበት ሰው «ፎቶዎቼስ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው፦ «አይዞህ፣ ባለሙያ ያወጣዋል።» ነገሩ ማጽናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልከራከርም ነበር። ግን ከማጽናኛነት አልፎ የአኗኗር ደንብ ሆኗል። ተመራቂው ተማሪ የዓመት ልፋቱን በአንዲት ፍላሽ ይዞ ይዞራል። ሙሽሮች የሠርጋቸውን ቪዲዮ ከአንድ ስልክ ወደ ሌላ ቦታ ሳይገለብጡ ዓመታት ያልፋሉ። መሥሪያ ቤቱ የስንት ዘመን ደብዳቤውን በጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያከማቻል። ሁሉም የሚተማመኑት በአንድ ነገር ነው፦ ኮምፒውተር የያዘውን አይጥልም፤ ተሰረዘ ቢባልም ውስጡ አለ፤ የሚያውቅ ሰው ከተገኘ ይወጣል። እኔ አይወጣም እላለሁ። ይወጣል የሚለው እምነት ብዙ ሰው ዳግም የማያገኘውን ነገር እንዲያጣ አድርጓል፤ አሁንም እያደረገ ነው።

እምነቱ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም፤ ለረጅም ጊዜ እውነትነት ነበረው። በሚሽከረከረው የድሮ ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል ሲሰረዝ ኮምፒውተሩ የሚያጠፋው ማውጫው ላይ ያለውን መዝገብ ነው። ቦታው «ነፃ» ተብሎ ይያዛል እንጂ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ባለበት ይቆያል። ፎቶሬክን የመሰሉ ነፃ ፕሮግራሞች ማውጫውን ትተው ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እያነበቡ፣ የፎቶ ወይም የሰነድ መጀመሪያ የሆነውን ምልክት እየፈለጉ ይለቅማሉ። ከዚህም የሚበልጥ ታሪክ አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ከሰባት ተጓዦቿ ጋር በሰማይ ላይ ስትበታተን በውስጧ የነበረ አንድ ሃርድ ዲስክ ከስብርባሪው ጋር መሬት ወደቀ። ተቃጥሎ ነበር፤ ሆኖም አብዛኛው ይዘቱ ተነበበ፤ የያዘው የሳይንስ ሙከራ ውጤትም በ2008 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከሰማይ የወደቀ ዲስክ ከተነበበ የእኔ ስልክ እንዴት አይነበብም የሚል ሰው አሳማኝ ጥያቄ ጠይቋል። መልስ ይገባዋል።

የኮሎምቢያው ዲስክ ማግኔታዊ ነበር፤ አልተመሰጠረም ነበር። የሚሠራበት ፕሮግራም መረጃን የማይበታትነው ዶስ ስለነበር ጽሑፉ በአንድ በኩል ተሰብስቦ ቆየ፤ የተጎዳው ክፍል ደግሞ ብዙ ያልተጻፈበት ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዲስኩን ማንም አልሰረዘውም! የተጎዳ ነገር ሌላ፣ የተሰረዘ ነገር ሌላ ነው። በእጃችን ያለው መሣሪያ ከእነዚህ ነገሮች የትኛው አለው? አንዱም የለውም።

ላፕቶፖች ከሚሽከረከር ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ምንም ወደማይሽከረከርበት ማከማቻ፣ ተሸጋግረዋል። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ፋይል ሲሰረዝ ኮምፒውተሩ ለኤስኤስዲው «ይህ ቦታ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» የሚል ትእዛዝ ይልክለታል፤ ትሪም ይባላል። ኤስኤስዲው ያንን ቦታ በራሱ ጊዜ፣ ማንም ሳያዘው ያጸዳል። ባለቤቱ ባለሙያ ፍለጋ ሲዞር ማሽኑ በርቶ ከቆየ ማጽዳቱም ይቀጥላል። በኋላ ሲነበብ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ባዶ ነው።

ስልክ ላይ ደግሞ በሩ ጭራሽ የተዘጋ ነው። አንድሮይድ ከ7ኛው እትሙ ጀምሮ እያንዳንዱን ፋይል ለየብቻ መመስጠር ችሏል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጣው 10ኛው እትም ወዲህ ደግሞ ይህን እትም ይዘው ለሚወጡ አዳዲስ ስልኮች ምስጠራ ግዴታ ነው። በአይፎን እያንዳንዱ ፋይል የራሱ ቁልፍ አለው፤ ፋይሉ ሲሰረዝ ቁልፉ አብሮት ይሄዳል። ስልክ ፎርማት ሲደረግ በቅድሚያ የሚጣለው የምስጠራው ቁልፍ ነው። የፎቶው ባይቶች ቦታቸው ላይ ቢቀሩ እንኳ ማንም የማይፈታቸው ክምር ናቸው። ይህ የአሠራር ጉድለት አይደለም። ስልካችንን የሰረቀ ሰው የቤተሰባችንን ፎቶና የባንክ መልእክታችንን እንዳያይ ታስቦ የተሠራ ጥበቃ ነው። ጥበቃው ግን ሌባንና ጠጋኝን አይለይም።

«ፖሊስ እኮ ከተሰረዘ ስልክ ያወጣል!» የሚል ሁልጊዜ አለ። እውነት ነው፣ መርማሪዎች ብዙ ነገር ያገኛሉ። ከየት እንደሚያገኙት ግን እንይ። ከተከፈተ ስልክ፣ መልእክቱ ከደረሰው ከሌላው ሰው ስልክ፣ ከድርጅቱ ሰርቨር፣ ጉግል ድራይቭ ላይ ከቀረ ቅጂ፣ የመልእክት መተግበሪያው ገና ካላጸዳው የራሱ መዝገብ። ከሞላ ጎደል የሚያገኙት ሌላ ቦታ የቀረ ነገር ነው። «የጠፋው ተገኘ» የሚባለው ወሬ ቢመረመር አብዛኛውን ጊዜ የተገኘው ቅጂው ነው። ቅጂ ላልነበረው ሰው ታዲያ ምን ይገኝለታል?

አሁን ወደ መተግበሪያዎቹ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። «የጠፉ ፎቶዎችን ይመልሱ» እያሉ የሚያስተዋውቁ የስልክ መተግበሪያዎች ብዙ ናቸው። የተጨነቀ ሰው አውርዶ ይጭናል፤ ሲጭን ያ የሚፈልገው ፎቶ የነበረበት ቦታ ላይ ሌላ ነገር ሊጽፍ ይችላል። መተግበሪያው ፋይሎችን ሁሉ የማየት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይሰጠዋል። ከዚያ መቶ ሁለት መቶ ፎቶ ደርድሮ ያሳየዋል፤ ልቡ ይነሣል። ሲከፍታቸው ግማሾቹ ጭራሽ ያልተሰረዙ ናቸው። የቀሩት ደግሞ ስልኩ ለፈጣን ማሳያ ያስቀራቸው ጥቃቅን ምስሎች ናቸው፤ ሰፋ ሲደረጉ የእናቱ ፊት የማይለይባቸው። ከዚያ ክፈል ይባላል። ይህን እንደ መፍትሔ እያቀረቡ ማስተዋወቅ በሰው ሐዘን መነገድ ነው።

አንድ ነገር ሳልክድ ላስቀምጥ፤ በሚሞሪ ካርድና በፍላሽ ላይ ነገሩ ይለያል። ካሜራ ውስጥ ያለ ሚሞሪ በአብዛኛው አልተመሰጠረም፤ እንደ ድሮው ዲስክ ነው። ተሰረዘ ወይም በስህተት ፎርማት ተደረገ ሲባል በዚያው ቅጽበት አውጥቶ፣ ምንም ሳይጽፉበት፣ በኮምፒውተር በፎቶሬክ ማንበብ ያዋጣል። ስማቸውና ቀናቸው ጠፍቶ፣ አንዳንዱም ግማሹ ተቆርጦ ቢሆን፣ ፎቶዎቹ ይገኛሉ። ሠርግ የሚያነሱ ባለካሜራዎች ይህን ያውቃሉ። ይህ ግን ጠባብ በር ነው፤ በዚህ ጠባብ በር የገቡ ጥቂቶች ናቸው የብዙኃኑን እምነት የሚያቆሙት።

ሁለተኛው ምሽግ ክላውድ ነው። «ጉግል ይይዘዋል» ይባላል። ይይዛል፤ ግን በምን ሁኔታ? ጉግል ፎቶስ ወደ ክላውድ የተላከን ፎቶ ከተሰረዘ በኋላ 60 ቀን ያቆየዋል፤ ያልተላከውን 30 ቀን ብቻ። ጉግል ድራይቭም 30 ቀን ነው፤ አይፎንም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ ሰው የለም። በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ሲሞላ መላኩ ይቆማል፤ ሰውየው ግን ማስጠንቀቂያውን በጣቱ እየገፋ ፎቶ ማንሳቱን ይቀጥላል። የከፋው ደግሞ ማመሳሰልን እንደ መጠባበቂያ መቁጠር ነው። ሰውየው ስልኩ ሲሞላ ፎቶዎቹን ከጉግል ፎቶስ ላይ ያጠፋል፤ «ክላውድ ላይ አለ» ብሎ። አላስተዋለም እንጂ እዚያ ሲያጠፋ ከክላውዱም እያጠፋ ነው። የስልኩን ቦታ ብቻ የሚያስለቅቅ ሌላ ትእዛዝ አለ፤ ሁለቱን የሚለይ ስንት ሰው ነው? ማመሳሰል ስህተትህንም በታማኝነት ወደ ሁሉም ቦታ ያደርስልሃል።

አገራችን ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ስልክ የሸጠው ሱቅ ለገዢው ጂሜይል ይከፍትለታል፤ ገዢው የይለፍ ቃሉን አያውቅም፤ አንዳንዱ አድራሻውንም አያውቅም። ስልኩ ሲጠፋ ክላውድ ላይ ያለው ሁሉ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። ጉግል ከታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለት ዓመት ያልተነኩ የግል አካውንቶችን መሰረዝ ጀምሯል፤ ያ ጂሜይልም ከነፎቶዎቹ አንድ ቀን ተራው ይደርሳል። ኢንተርኔቱስ? የትግራይ ሕዝብ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ ከግንኙነት ተቆርጦ ነበር፤ በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ሰነዱ ክላውድ ላይ ብቻ የነበረ ሰው በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰነድ አልነበረውም።

«ቴሌግራም ላይ ለራሴ ልኬዋለሁ» የሚለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፎቶ እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፤ እንደ ፋይል ካልተላከ ዋናው አይደርስም። አካውንቱ ከተጠለፈ ወይም ቁጥሩ ከተዘጋ ደግሞ የተቀመጠው ሁሉ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ቴሌግራም ጥሩ መላኪያ ነው። ብቸኛ መዝገብ ቤት ግን መሆን የለበትም።

እስካሁን ያልኩት የተሰረዘ አይመለስም ነው። እምነቱ የሚያደርሰው ሌላ ጉዳት አለ፤ ይህኛው ያን ያህል አይታይም። ማግኘት የባለሙያ ሥራ ነው ብሎ ያመነ ሰው መፈለግ ይተዋል። ቴክኒሻን ቤት «ጠፋብኝ» ተብሎ ከሚመጣው ብዙው ጭራሽ አልጠፋም። ተቀምጧል። ቴሌግራም ላይ ንግግሩ በስህተት ወደ ጎን ተገፍቶ ወደ ማኅደር ገብቷል፤ ዝርዝሩን ወደ ታች ሲስቡት ከላይ ብቅ ይላል። ዋትስአፕም ማኅደር አለው፤ አዲስ መልእክት ቢመጣም ከዚያ አይወጣም፤ ስለዚህ ሰውየው ጓደኛው የተወው ይመስለዋል። ጂሜይል ማኅደር የገባውን ደብዳቤ ሁሉ «ሁሉም ደብዳቤ» በሚለው ክፍል ይዞታል። ወርድ ሳይቀመጥ የተዘጋን ሰነድ ለጥቂት ቀናት በራሱ ስውር ፎልደር ያቆያል። ዋትስአፕ በአንድሮይድ ስልክ ውስጥ የቅርብ ቀናትን የንግግር ቅጂ ያስቀምጣል። ይህን ሁሉ ማወቅ የባለሙያ ጥበብ አይደለም፤ ማንም የስልክ ባለቤት ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። ሰው ግን ሳይፈልግ ይደነግጣል፤ ደንግጦ ፎርማት ያስደርጋል ወይም የማዳኛ መተግበሪያ ይጭናል። ያልጠፋው ያኔ በእርግጥ ይጠፋል።

አማርኛ የሚጽፍ ሰው ደግሞ በመፈለግ ረገድ ከሌላው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። ኮምፒውተር «ሥራ» እና «ስራ»ን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አድርጎ ነው የሚያየው። «ፀሐይ» ብሎ የሰየመውን ፋይል «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ባዶ ዝርዝር ያገኛል፤ «የለም» ብሎም ይሄዳል። ቀኑም ያሳስታል። በጥር 2012 ዓ.ም. ያገባች ሴት ፎቶዎቿን ስልኩ ውስጥ ጃንዋሪ ወይም ፌብሩዋሪ 2020 ሥር ካልፈለገቻቸው አታገኛቸውም። እነዚህን ባለሙያ አይፈታቸውም፤ ፋይሉን የሰየመውና ቀኑን የሚያስታውሰው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ የድሮ ሰነዶቻችን ነገር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ ሰው የጻፈው በቀድሞዎቹ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን በመሳሰሉ ቅርጸ ፊደሎች ነበር። በእነዚህ የተጻፈ ሰነድ ውስጥ የተቀመጠው የአማርኛ ፊደል አይደለም፤ የላቲን ምልክት ነው፤ ቅርጸ ፊደሉ ነው በላዩ የአማርኛ መልክ የሚያለብሰው። ቅርጸ ፊደሉ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የለሽ ምልክት ነው፤ በአማርኛ ሲፈለግም አይገኝም። ስንት የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት ያልታተመ ልቦለድ በዚህ ሁኔታ በአሮጌ ዲስኮች ላይ ተኝቷል! ፋይሉ አልተሰረዘም፤ ዲስኩም አልተበላሸም። ሆኖም ባለቤቶቹ ሲያልፉ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ፤ ዛሬ፣ የጻፈው ሰው በሕይወት ሳለ፣ ቅርጸ ፊደሉም ገና ሲገኝ፣ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይቻላል። «ኮምፒውተሩ ይዞታል» እያልን የተውነው ይህ ነው።

የመጨረሻውና እውነተኛ ክብደት ያለው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ስልክ በብድር የገዛ ሰው ሁለተኛ ዲስክ ከየት ያመጣል? ጥያቄው ትክክል ነው፤ መደምደሚያው ግን ስህተት ነው። ቅጂ የሚያስፈልገው ለተነሳው ፎቶ ሁሉ አይደለም። የትምህርት ማስረጃ፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የመሬት ካርታ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ከሠርጉ የተመረጡ ሃምሳ ፎቶዎች፣ የአባት ድምፅ፤ ይህ ሁሉ በአንዲት ርካሽ ፍላሽ ይገባል። ሌላ ከተማ ያለች እህት ኮምፒውተር ላይም ይቀመጣል። ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ውሏም፣ የፓስፖርቷ ፎቶም፣ የላከችው ገንዘብ ደረሰኝም ስልኳ ላይ ነው። ስልኩን አሠሪዋ የወሰደባት ቀን የትኛው ባለሙያ ነው የሚያወጣላት? ያ ሁሉ ቀድሞ ለወንድሟ ተልኮ፣ ወንድሟም አገር ቤት ወረቀት ላይ አትሞት ከሆነ ግን ማንም ሊወስድባት አይችልም። ድሃው ቅጂ አያስፈልገውም ማለት ድሃው ቢያጣም ግድ የለም ማለት ነው።

ሀብታሞቹም ቢሆኑ የዳኑት በዲስክ ቁፋሮ አይደለም። በ1998 እ.ኤ.አ. ፒክሳር ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ሰው በስህተት የሰጠው ትእዛዝ ቶይ ስቶሪ 2 የተባለውን ፊልም አብዛኛውን ክፍል አጠፋው። መጠባበቂያው ሲከፈት ለካ በትክክል ሲሠራ አልቆየም ነበር። የዓለም ምርጥ የኮምፒውተር ሰዎች የተሰበሰቡበት ቤት ነው። ፊልሙን ያዳነችው ጋሊን ሱስማን ናት፤ ልጅ ወልዳ ከቤት ትሠራ ስለነበር ቤቷ ባለው ኮምፒውተር ላይ ቅጂ ነበራት። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ደግሞ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃ ላይ ያረፈበትን ጉዞ ዋና የምስል ቴፖች ሲፈልግ ቆይቶ በ2009 እ.ኤ.አ. ሳይሰረዙና በላያቸው ሌላ ሳይቀዳ እንዳልቀሩ አስታወቀ። የሰው ልጅ ጨረቃ ላይ ሲራመድ የያዘ ቴፕ! ዛሬ የምናየው ምስል የተገኘው ሌሎች ቀድተው ካስቀሯቸው የስርጭት ቅጂዎች ነው።

እኛ ይህን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባ ነበር። መጽሐፈ ሄኖክ በሙሉ ይዘቱ ለዓለም የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፤ መጽሐፈ ኩፋሌም እንዲሁ። የሄኖክ መጽሐፍ የአራማይክ ቅጂዎች ሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ ውስጥ ነበሩ፤ ሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ ምሁራን ሲያገኟቸው ቁርጥራጭ ነበሩ። ለቅመው፣ አገጣጥመው፣ አንብበዋቸዋል፤ ያም ታላቅ ሙያ ነው። ሙሉው ግን ከዋሻ አልወጣም። ሙሉው የተገኘው ጸሐፊዎቻችን በየገዳሙ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ አንዱ ሳያረጅ ሌላ እየጻፉ ስላቆዩት ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ9 ሺህ ያላነሱ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሱም ቅጂው በአዲስ አበባ ብቻ አልተወሰነም፤ አሜሪካ ሚኒሶታም ተቀምጧል። እነዚያ ሰዎች ጸሐፊው ቢታመም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቢቃጠል ብለው አስቀድመው አሰቡ።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ከተማሪው የሚቀበለውን የመመረቂያ ጽሑፍ ቅጂ ሁለት ቦታ ያስቀምጥ፤ ተማሪውም ረቂቁን በየሳምንቱ ለአማካሪው ይላክ። መሥሪያ ቤቶች የፓወር ግዕዝ ዘመን ሰነዶቻቸውን ወደ ዩኒኮድ የመለወጥ ሥራ ዛሬ በበጀታቸው ይያዙ። ስልክ ሻጩ ለገዢው የከፈተለትን አካውንት ከነይለፍ ቃሉ በወረቀት ጽፎ ይስጠው። ጠጋኙም ፎርማት ከማድረጉ በፊት «ቅጂ አለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የለኝም ከተባለ እጁን ያንሣ፣ ስልኩ ከተከፈተለት ደግሞ መጀመሪያ ይገልብጥ። ከፎርማት በኋላ «አወጣልሃለሁ» ብሎ የሚቀበለው ገንዘብ ሊሰጥ ለማይችለው ነገር የተከፈለ ነው።